ቻጎስ ተመለሰች ወይስ ተከራየች?

በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። አቋሜም አጭር ነበር። ሞሪሺየስ የቻጎስ ደሴቶችን አስመለሰች የሚለው ዜና ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ማስታወቂያ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ሞሪሺየስ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ያለች ትንሽ የደሴት አገር ናት። ስፋቷ 2 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕዝቧ ከ1 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል። ቻጎስ የሚባሉት ደግሞ ከእሷ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ሕንድ ውቅያኖስ መሃል የተበተኑ ደቃቅ ደሴቶች ናቸው። ትልቋ ዲዬጎ ጋርሺያ ናት። እሷ ላይ የአሜሪካ ጦር ሰፈር አለ። በ1991 ኢራቅ፣ በ2001 አፍጋኒስታን ሲደበደቡ ግዙፎቹ ቦምብ ጣዮች ከዚያ ይነሱ ነበር።

ሜይ 22 ቀን 2025 ብሪታንያና ሞሪሺየስ ውል ተፈራረሙ። የቻጎስ ሉዓላዊነት፣ ዲዬጎ ጋርሺያን ጨምሮ፣ የሞሪሺየስ ነው ይላል ውሉ። ደስ ይላል። ቀጥሎ ግን ዲዬጎ ጋርሺያን ለ99 ዓመት ብሪታንያ ታስተዳድራለች ይላል። ሲያልቅ ለ40 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ክፍያው በአማካይ በዓመት 101 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። አሜሪካኖቹ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። ካርታው በስሜ ወጥቶ፣ ኪራይም እየተከፈለኝ፣ ለ99 ዓመት በሩን ማንኳኳት ካልቻልኩ ባለቤትነቴ የቱ ጋ ነው? ብዬ ጠየቅኩ። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ መሆናቸውንም ጽፌያለሁ። ይህችን መስመር ሁሉም ሰው አላነበባትም።

ምላሽ 1 የመጣው ከጋሼ ነው። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ በመድረኩ ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንጠራቸው። እንደ ልማዳቸው ሰላምታ አስቀድመው ወደ ሥሩ ወረዱ። ደሴቷ ሰው አልነበረባትም አሉ። ደቾች በ1598 በልዑላቸው በማውሪትስ ስም ጠሯት፣ በ1638 ሰፈሩባት፣ በ1710 ትተዋት ሄዱ። ፈረንሳይ በ1715 ይዛ ኢል ደ ፍራንስ አለቻት። የስዊዝ ቦይ ገና አልተቆፈረም። ከአውሮፓ ወደ ሕንድ የሚሄድ መርከብ አፍሪካን ዞሮ ነው የሚያልፈው። መሃል መንገድ ላይ ውኃና ስንቅ የሚሞላበት፣ የተሰበረ ምሰሶ የሚጠግንበት ወደብ ያለው መንግሥት መንገዱን ያዘ ማለት ነው። ከ1735 ጀምሮ ገዥ የነበረው ላ ቡርዶኔ ፖርት ሉዊስን የገነባው ለዚህ ነበር። ከዚያ ወደብ የሚነሱ የፈረንሳይ ፈቃድ ያላቸው የባሕር ዘራፊዎች የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች መከራ አሳይተዋቸዋል። እንግሊዝ ደሴቷን የተመኘቻት ለሸንኮራዋ እንዳልሆነ ልብ በሉ ብለው ጨረሱ።

ምላሽ 2 ጋሼን አመስግኖ ስለ ግራንድ ፖርት ውጊያ ጨመረ። ኦገስት 1810 ነው። የእንግሊዝ ፍሪጌቶች ወደብ ውስጥ ያሉትን የፈረንሳይ መርከቦች ሊይዙ ገብተው ከውኃው በታች ያለውን ኮራል አላወቁትም። ተራ በተራ ተቀረቀሩ። አራቱም አለቁ፤ ሁለቱን ራሳቸው እንግሊዞቹ አቃጠሏቸው። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል እንዲህ ያለ ድል በናፖሊዮን ዘመን ብዙም ስላልነበረው ስሙ ፓሪስ በሚገኘው የድል ቅስት ላይ ተቀርጿል። ሰውየውን የገረመው ግን ሌላ ነው። የሁለቱም ወገን አዛዦች፣ ዱፔሬና ዊሎቢ፣ ቆስለው እዚያው ባሕር ዳር ያለ አንድ ቤት ውስጥ ነው የታከሙት። ቤቱ ዛሬ ማኤቡር ውስጥ ሙዚየም ነው።

ምላሽ 3 ጨዋ ነበር፤ ግን ነካ አደረገ። ድሉ አራት ወር እንኳ አልዘለቀም አለ። ዲሴምበር ላይ እንግሊዞች በብዙ መርከብ ተመልሰው ደሴቷን ጠቅልለው ያዟት፤ በ1814 የፓሪስ ውል ከነጥገኛ ደሴቶቿ ጸደቀላቸው። ቻጎስም ከእነዚያ ጥገኞች አንዷ ነበረች። ደግሞ እጅ የመስጠቱ ስምምነት የፈረንሳዮቹን ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ ሕግና ንብረት አይነካም ነበር። እስከ ዛሬ ሞሪሺየስ ውስጥ ክሪዮልና ፈረንሳይኛ የሚሰማው ለዚህ ነው። ንብረት የተባሉት ውስጥ ግን ባሪያዎቹ አሉበት። ሁለት አዛዦች በአንድ ጣሪያ ሥር ታከሙ ብለን ስንደሰት፣ ሸንኮራ የሚቆርጡት ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ የመጡ ሰዎች ባለቤታቸው ራሱ አልተቀየረም አለ። ሰውየው አንድ ላይክ ብቻ ነው ያገኘው። እኔ ሰጠሁት።

ከ4 እስከ 6 ያለው ቀልድ ነው። ምላሽ 4 ሞሪሺየስ ነፃ የወጣችው በ1960 ነው አለ። ምላሽ 5 ጎግል ማድረግ እንዴት ያቅታል ዓይነት ነገር ጽፎ 1968 ነው ብሎ ጮኸበት። ምላሽ 6 ሁለቱንም አረጋጋች። ማርች 12 ቀን 1968 በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 3 ቀን 1960 ነው፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አለች። 5 ቁጥር ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ምላሽ 7 ዶዶ የምትባለው ወፍ የጠፋችው እዚያ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ፣ እዚያ ነው።

ምላሽ 8 ወደ ዋናው ገባ፤ ረጅም ነው። 1965 ላይ ሞሪሺየሶች ስለ ነፃነታቸው ሊደራደሩ ለንደን፣ ላንካስተር ሃውስ ገብተዋል። አሜሪካ ደግሞ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሰው የማይጨቀጭቃት ደሴት ትፈልጋለች። ብሪታንያ ቻጎስን ከሞሪሺየስ ቆርጣ ልታስቀር አስባለች። ሴፕቴምበር 23 ጠዋት ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን የሞሪሺየሱን መሪ ሲውሳጉር ራምጉላምን ለብቻቸው አስጠሯቸው። ከስብሰባው በፊት ለዊልሰን የቀረበላቸው የጸሐፊያቸው ማስታወሻ በኋላ ወጥቷል። ዓላማው ሰውየውን በተስፋ ማስፈራራት ነው ይላል፦ ነፃነቱን ያገኛል ብሎ ተስፋ እንዲያደርግ፣ በቻጎስ ጉዳይ አስቸጋሪ ከሆነ ደግሞ ሊቀርበት ይችላል ብሎ እንዲፈራ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የሞሪሺየስ ሚኒስትሮች በመርህ ደረጃ ተስማሙ። ኖቬምበር 8 ቻጎስ ተቆርጣ አዲስ ቅኝ ግዛት ሆነች፤ የብሪታንያ ሕንድ ውቅያኖስ ግዛት ተባለች። ሞሪሺየስ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጣት። ልብ በሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት ቅኝ ግዛት ለነፃነት ሲዘጋጅ ግዛቱ አይቆራረጥ ብሎ በ1960 ውሳኔ አሳልፎ ነበር።

ምላሽ 9 እዚህ ጋ ጠረጴዛውን መታ። ማልቀስ ሰልችቶኛል ብሎ ነው የጀመረው። ራምጉላም ሕፃን አልነበሩም፤ ስምምነቱን አይተው ገቡበት፤ ገንዘቡንም ተቀበሉ አለ። አገር ነፃ ለማውጣት 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ የኮኮናት እርሻ መስጠት ርካሽ ዋጋ ነው፤ እሱም ቢሆን ያደርገው ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ ተገደድን ማለት ደግሞ አያምርም። ብዙ ሰው ተቆጣው። እኔ ግን ክርክሩን ያነቃው እሱ ነው እላለሁ።

ምላሽ 10 ጠበቃ ነች፤ ንዴት አይታይባትም። ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ቀርቦ መልስ አግኝቷል አለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2017 ዘ ሄግ ያለውን ዓለም አቀፉን ፍርድ ቤት ምክር ጠየቀ። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2019 ፍርድ ቤቱ 13 ለ1 በሆነ ድምፅ መለሰ። በቅኝ ገዢው ሥልጣን ሥር ያለ ሕዝብ ተወካዮች የሰጡት እሺታ የሕዝቡ ነፃና እውነተኛ ፈቃድ ነው ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ የሞሪሺየስ ነፃነት በሕግ አልተሟላም፤ ብሪታንያ በተቻለ ፍጥነት ትውጣ። ያን ጊዜ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጎረቤታችን ሶማሊያዊው ዳኛ አብዱልቃዊ ዩሱፍ ነበሩ። ከዚያ የእኛን ታሪክ አነሳች። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ እዚያው ፍርድ ቤት ከስሰው፣ በ1966 ድምፁ 7 ለ7 ሆኖ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ እናንተን አያገባችሁም ተብለው ተመልሰዋል። ያ ፍርድ አፍሪካንና እስያን አስኮርፎ ቆየ። በ1966ቱ እና በ2019ኙ ፍርድ ቤት መካከል ያለውን ርቀት እዩት አለች። ጋሼ ሥር ገብተው አጨበጨቡላት።

ምላሽ 11 የምክር አስተያየት አያስገድድም፤ ወረቀት ነው አለ። ምላሽ 12 ወረቀት ከሆነ ለምን ፈሩት ብሎ መለሰ። በዚያው ዓመት ሜይ 22 ጠቅላላ ጉባኤው ብሪታንያ በስድስት ወር ውስጥ ትውጣ ሲል 116 አገሮች ደግፈው፣ የተቃወሙት 6 ብቻ ነበሩ፦ ብሪታንያ፣ አሜሪካ፣ አውስትራሊያ፣ እስራኤል፣ ሃንጋሪና ማልዲቭስ። ማልዲቭስ እዚያ ውስጥ ምን ትሠራለች ያሉ ነበሩ። ምላሽ 13 ነገረን። በማልዲቭስና በቻጎስ መካከል ያለው የባሕር ወሰን አልተሰመረም ነበር፤ ጉዳዩ የዓሣና የባሕር ወለል ጉዳይ ነው። በኋላ ሞሪሺየስ ወደ ባሕር ሕግ ፍርድ ቤት ወስዳት በ2023 መስመሩ ተሰምሯል። ትንሽ አገር ከትንሽ አገር ጋር ሁልጊዜ ትቆማለች ብሎ የሚያስብ ካለ ይህችን ይያዝ።

ምላሽ 14 ክሩን ቀየረው። ለንደን አጠገብ ጋትዊክ አየር ማረፊያ የሚሠራ ልጅ ነው። ክሮሊ የምትባለው ከተማ እዚያው ጥግ ናት። ከ2002ቱ የዜግነት ሕግ በኋላ ብዙ ቻጎሳውያን የእንግሊዝ ፓስፖርት አግኝተው ክሮሊ ሰፍረዋል። አብራው ፈረቃ የምትገባ አንዲት ሴት እናቷ ዲዬጎ ጋርሺያ ነው የተወለደችው። ልጁ እንደ እኛው ያለች ስደተኛ መስላው ለምን አገርሽ አትመለሺም ብሎ ጠይቋት ነበር። አገሬ አውሮፕላን ማረፊያ ሆነ፤ እኔም አውሮፕላን ማረፊያ ነው የምሠራው ብላ ሳቀችበት። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ያነበበውን ጻፈልን። ከ1968 እስከ 1973 ድረስ ከ1,500 የማያንሱ ሰዎች ተጠራርገው ሞሪሺየስና ሲሼልስ ወደብ ላይ ተራገፉ። አያቶቻቸው እዚያ በባርነት ኮኮናት ሲለቅሙ ነው የጀመሩት፤ አምስት ትውልድ ቆይተዋል። የለንደን ሹማምንት ግን ሕዝብ አለ ከተባለ ለተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት ማድረግ ስለሚኖርባቸው፣ ሰዎቹን ጊዜያዊ የኮንትራት ሠራተኞች ናቸው አሏቸው። በቃ፣ አንድ መስመር ተጽፎ ሕዝቡ ጠፋ።

ምላሽ 15 ስለ ውሾቹ ነው። የተጻፈው በጣም ባጭሩ ነው። መጨረሻ ላይ ሰው ሲለቅ የደሴቷ ውሾች ይገደሉ ተባለ። መጀመሪያ በጥይት ሞከሩ፣ ቀጥሎ በመርዝ። አልሆነም። በመጨረሻ ኮኮናት የሚደርቅበት ቤት ውስጥ ዘግተው የመኪና ጭስ ለቀቁባቸው። ልጆቹ ውሾቻቸው ሲጮሁ እየሰሙ ነው መርከብ የጠበቁት። ከዚህ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልጻፈም።

ምላሽ 16 የሚያሽሟጥጥ ሰው ነው፤ ግን የተናገረው ልክ ነው። መጀመሪያ ለጦር ሰፈር ከታሰቡት አንዷ የሲሼልሷ አልዳብራ ነበረች አለ። አልዳብራ ላይ ግዙፍ ኤሊዎች አሉ። የእንግሊዝና የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ተነስተው ጮሁ፤ ዕቅዱ በ1967 ቀረ። ቻጎስ ላይ ግን የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ የሚጮህላቸው ፕሮፌሰር አልነበረም። ይባስ ብሎ ብሪታንያ በ2010 ቻጎስን የባሕር ጥብቅ ሥፍራ አደረገቻት። ቀደም ሲል አንድ ሹም ጥብቅ ሥፍራው የተፈናቃዮቹን የመመለስ ጥያቄ ያከስመዋል ብሎ ለአሜሪካ ኤምባሲ መናገሩ በሾለከ መልዕክት ወጥቷል። በ2015 የግልግል ዳኞች ጥብቅ ሥፍራው የሞሪሺየስን መብት ጥሶ የተሠራ ነው ብለዋል። ኤሊ ሆነው ቢፈጠሩ ይሻላቸው ነበር ብሎ ጨረሰ።

እዚህ ጋ መንፈሱ ሻከረ። ምላሽ 17 ከቨርጂኒያ የሚጽፍ ነው። አልቅሳችሁ ከጨረሳችሁ እንነጋገር ነው ያለው። ቀይ ባሕር ሲታመስ፣ መርከብ ሲመታ፣ ዕቃ ሲወደድ የምትጮሁት እናንተው ናችሁ፤ ያንን የሚጠብቅ ኃይል የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት አለ። አሜሪካ ካልያዘችው ቻይና ትይዘዋለች። ሞሪሺየስ በገንዘብ መውጣቷ ብልህነት ነው። ምላሽ 18 የሰው ቤት አፍርሰው የሠሩትን ሆቴል እያደነቅህ ነው ብላ ወረደችበት። ለብሪታንያ የተከፈለውንም አስታወሰችው፦ አሜሪካ በ1966 ለደሴቷ በቀጥታ ኪራይ አልከፈለችም፤ ብሪታንያ ለምትገዛው የፖላሪስ ኑክሌር ሚሳኤል ከምትጠይቀው የምርምር ወጪ 14 ሚሊዮን ዶላር በዝምታ ቀነሰችላት። ሰዎቹ በሚሳኤል ቅናሽ ተሸጡ አለች። 17 ቁጥር በምላሽ 19 ተመልሶ ስድብ ቢጤ ጣል አድርጎ፣ ስሜት ፖሊሲ አይሆንም፣ እኛም እኮ ቃኘውን ሰጥተናል አለ።

ቃኘው ከተነሳ ማን ይመለሳል? ጋሼ በምላሽ 20 ደስ ብሏቸው ገቡ። አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የሬዲዮ ጣቢያ ውል የተፈረመው ሜይ 22 ቀን 1953 ነው፤ ለ25 ዓመት። ይቺ ሜይ 22 ከእኛ ጋር ምን አላት ብለው ቀለዱ። ጣቢያው ሥራው እየቀነሰ የመጣው የሳተላይት መገናኛ ሲስፋፋና ዲዬጎ ጋርሺያ ላይ አዲስ ጣቢያ ሲቆም ነው። በ1977 ተዘጋ። ስለዚህ የአሥመራና የዲዬጎ ጋርሺያ ነገር አይገናኝም አትበሉ አሉ። ልዩነቱንም አልዘለሉትም። ቃኘውን የሰጠው ያኔ የራሱ መንግሥት የነበረው አገር ነው፤ ውሉም ማብቂያ ነበረው፤ ሊያልቅ ዓመት ገደማ ሲቀረው ወጡ። ለ17 ቁጥር ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም። ሥሩ ላይ ግን ሰው ስለ ቃኘው ሙዚቃ፣ ስለ ጂንሱ፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ማውራት ጀመረ። አንዱ አባቱ ከዚያ ያመጡት ፍሪጅ አሁንም ይሠራል አለ። አላመንኩትም።

ምላሽ 21 ሃኒሽን አነሳ። ኤርትራና የመን በ1995 ተታኩሰው፣ ኋላ ወደ ግልግል ሄደው፣ በ1998 ዳኞቹ ዙቀርና ሃኒሽን ለየመን ሰጡ። ዳኞቹ የሁለቱም አገር ዓሣ አጥማጆች እንደ ጥንቱ ይሥሩ ማለታቸውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም አለ። ቻጎስ ላይ ይህ ቢኖር ኖሮ ማለቱ ነው። ጥሩ ነጥብ ነበር። ሰው ግን ከሃኒሽ ወደ አሰብ ለመዝለል አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። 22 እና 23 አሁን ክሩ ላይ የሉም። አድሚኑ አንስቷቸዋል፤ ደግ አደረገ።

ምላሽ 24 ጠበቃዋ ናት፤ ተመልሳ መጣች። በእኔ እምነት የክሩ ትልቁ ምላሽ ይሄ ነው። በ1965፣ ከዊልሰኑ ስብሰባ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ የሞሪሺየስ ሚኒስትሮች ቻጎስ ከምትቆረጥብን ለ99 ዓመት እናከራያችሁ ብለው ሐሳብ አቅርበው ነበር አለች። ለንደን አልተቀበለችም፤ አሜሪካኖቹ ባለቤቱ የማይቀያየር መሬት ነው የፈለጉት። ከ60 ዓመት በኋላ የተፈረመው ያው የ99 ዓመት ኪራይ ነው። በአባት ዘመን ውድቅ የተደረገው በልጅ ዘመን ተፈረመ፤ የ2025ቱ የሞሪሺየስ ጠቅላይ ሚኒስትር ናቪን ራምጉላም የሲውሳጉር ልጅ ናቸው። እንግዲህ በመካከሉ የተገኘው ምንድነው? ገንዘብ። የባሕር ወሰን። ፔሮስ ባኖስና ሳሎሞን የሚባሉት ራቅ ያሉት ደሴቶች ላይ ሰው የማስፈር መብት። የጠፋው ደግሞ አምሳ ዓመት በፖርት ሉዊስ ሠፈሮች በድህነት የኖረ አንድ ትውልድ። ለቻጎሳውያን 40 ሚሊዮን ፓውንድ በአደራ ፈንድ ይቀመጣል፤ ፈንዱን የሚያዘው ግን የሞሪሺየስ መንግሥት ነው። ውሉ ሊፈረም ሲል ሁለት ቻጎሳውያን ሴቶች ለንደን ፍርድ ቤት ሄደው ለጥቂት ሰዓት አሳግደውት እንደነበርም አስታወሰች። እግዱ ተነሳ፤ ውሉ ተፈረመ። ሴቶቹ የጠየቁት ማንም አልጠየቀንም የሚል ነው።

እኔም ጣልቃ ገብቼ ለ9 ቁጥር መልስ ካለ አሁን ይምጣ አልኩ። ያልጠበቅኩት ሰው መጣ።

ምላሽ 25 ስለ ትሮምለን ነው። ሞሪሺየስ ከፈረንሳይም ጋር የምትከራከርባት ደሴት አለች፤ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የምትሆን አሸዋ። በ1761 ዩቲል የተባለች የፈረንሳይ መርከብ ከማዳጋስካር ሰዎችን በድብቅ ጭና ለኢል ደ ፍራንስ ልትሸጥ ስትሄድ እዚያ ተሰበረች። መርከበኞቹ ከስብርባሪው ጀልባ ሠርተው ሄዱ። ከማዳጋስካር የመጡትን 60 ያህል ሰዎች እንመለሳለን ብለው ጥለዋቸው። የኢል ደ ፍራንስ ገዥ መርከብ አልልክም አለ። ሰዎቹ ዛፍ በሌለበት አሸዋ ላይ ድንጋይ ከምረው ቤት ሠሩ። የላባ ልብስ ጎነጎኑ። የመዳብ ዕቃቸውን ደጋግመው ጠገኑ፤ አርኪዮሎጂስቶች አግኝተውታል። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1776፣ ትሮምለን የተባለው መኮንን ሲደርስ የተረፉት 7 ሴቶችና አንድ የ8 ወር ሕፃን ነበሩ። ደሴቷ በመኮንኑ ስም ተጠራች። በ2010 ሁለቱ አገሮች አብረን እናስተዳድራት ብለው ፈረሙ፤ ፈረንሳይ ግን አላጸደቀችውም። ጸሐፊው አስተያየት አልጨመረም። 17 ቁጥር እንኳ ላይክ አደረገው።

ምላሽ 26 የጋትዊኩ ልጅ ነው። ከመካከላችን አንዱ የሥራ ባልደረባህን ጠይቅልን፣ ቢፈቀድላት ትመለሳለች ወይ ብሎት ነበር። ጠየቃት። ሆስፒታል የሌለበት፣ ትምህርት ቤት የሌለበት ፔሮስ ባኖስ ላይ ልጆቼን ይዤ ምን ልሠራ አለችው። እናቷ ግን የአባቷን መቃብር ማጽዳት ትፈልጋለች፤ መቃብሩ ዲዬጎ ጋርሺያ ነው፤ እዚያ ደግሞ በፈቃድ ለጉብኝት እንጂ ለመኖር አይኬድም። ከእንግሊዝና ከሞሪሺየስ ማንን ትመርጪያለሽ ሲላት ተናደደች። ሞሪሺየስ ስንደርስ ዓሣ የሚሸቱ ብለው ነው የሰደቡን፤ እንግሊዝ ደግሞ ውሻችንን ገደለች፤ ምን ምርጫ አለ አለችው። ይህን ሲጽፍ የቃሏን ቅደም ተከተል እንዳልቀየረ ምሏል።

ምላሽ 27 ቁጥር 9 ነው። ለዘብ ብሎ መጣ፤ አቋሙን ግን አልለቀቀም። ውሉ ገና ፊርማ ነው፤ መፈረም ሌላ፣ በፓርላማ ማጽደቅ ሌላ፤ ከወዲሁ አትፍረዱ አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። አንተ በ1965 እዚያ ክፍል ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ነፃነቱ ይቅርብኝ ትል ነበር?

እፈርም ነበር አልኩት። ግን ወረቀቱ ላይ የሰዎቹ ስም ይግባ እል ነበር፦ እነዚህ ሰዎች እዚህ ይኖራሉ፣ ሳይጠየቁ አይነኩም የሚል አንድ መስመር። ከ3 ሚሊዮኑ ፓውንድ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ያን ብትል ዊልሰን ከክፍሉ ያስወጣህ ነበር አለኝ። ሊሆን ይችላል። ጋሼ ደግሞ ራምጉላም ያኔ ስለ ሰዎቹ ምን ያህል ያውቁ ነበር የሚለው ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል ብለዋል። ቅዳሜ እሳቸው ይከፍቱታል።